ግንዛቤ አስጨባጮች ሆይ፣ ኑሩልን!

የገጠሩን ሰው ስለ ገዛ ደኑ ለማስተማር ከከተማ ድረስ የምትደክሙ ወገኖች፣ ውለታችሁ በምን ይከፈላል? እናንተ ባትደርሱለት ዛፍ ሲቆረጥ እንደሚወድቅ ማን ይነግረው ነበር?

መድረካችሁ ደግሞ ሲያምር! ባነሩ ተሰቅሏል፣ ኮፍያው ታድሏል፣ ፕሮጀክተሩ ግድግዳውን ቀስት በቀስት አድርጎታል። «ሥርዓተ ምኅዳር»፣ «ባለድርሻ አካላት»፣ «የአመለካከት ለውጥ» እየተባለ ይወርዳል። ከኋላ የተቀመጡ አዛውንት እጃቸውን ያወጣሉ።

«ደኑ ይከለል ብላችኋል፣ ደግ። ከብቶቻችን የት ይዋሉ?»

አወያዩ ፈገግ ይላል። «አባባ፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። በሻይ ሰዓት እንነጋገርበታለን።»

በሻይ ሰዓት አወያዩ ስልክ ላይ ነው። ሪፖርቱ ግን «ሞቅ ያለ ውይይት ተካሂዷል» ይላል። ውሸት አይደለም፤ አዳራሹ ይሞቅ ነበር። እኚያ አዛውንት ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚደክም፣ የትኛው ዛፍ ተቆርጦ መልሶ እንደሚያቆጠቁጥ ያውቃሉ። ማንም አልጠየቃቸውም። መጠይቁ ላይ ለዚህ የሚሆን ሳጥን የለማ!

ፔቲና ካቾፖ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አንድ ነገር ብለው ነበር። ጉዳዩ ኑሮውን የሚነካው ሰው የሚቀርብለትን ምክንያት አገላብጦ ይመዝናል፤ ጉዳዩ የማይነካው ደግሞ በተናጋሪው ዝናና ሞገስ ይሳባል። እናንተም ይህንን በሚገባ ተረድታችኋል። እንጀራው ከደኑና ከግጦሹ ለሆነ ሰው የምታመጡለት ታዋቂ ዘፋኝ ነው። ምክንያቱን ለቀጣዩ በጀት ዓመት አቆይታችሁለታል።

አንዳንዴ ቅስቀሳ ሲሰምር ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1944 ስሞኪ የሚባል ባለ ባርኔጣ ድብ በፖስተር አወጡ። ድቡ የደን እሳትን አጥብቆ አወገዘ፣ ሕዝቡም ሰማ። እንዲያውም አበዛው። ኋላ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ነገሩን መለስ ብለው ሲያዩት፣ አንዳንድ ደን በየጊዜው በልኩ ካልተቃጠለ ደረቅ ቅጠልና ቁጥቋጦ ይከመርበትና አንድ ቀን የማይቻል እሳት እንደሚነሣበት ተረዱ። እናም «ሆን ብለን ልናቃጥል ነው» ሊሉ ወጡ። ማንን ሊያሳምኑ? በድቡ ምክር ያደገውን ትውልድ! የአገሩ ነባር ሕዝቦች ቁጥቋጦውን በልክ ማቃጠል ጥንትም ያውቁበት ነበር። እነሱ ግን ፖስተር አላሳተሙም፤ ስለዚህ አይቆጠርም።

በዚያው በአሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ፣ ድንጋይ የሆነ ጥንታዊ እንጨት የሚጎበኝበት ፓርክ አለ። ተመራማሪዎች ሁለት ዓይነት ምልክት ሞከሩ። አንዱ እባካችሁ አትውሰዱ አለ፤ ከ100 ቁራጭ 2 እንኳ አልሞላም የጠፋው። ሌላው ብዙ ጎብኚ እየወሰደ ፓርኩን እየጎዳ ነው ብሎ አማረረ፤ 8 ያህል ጠፋ። ሰው «ሁሉም ይወስዳል» ሲባል የሚሰማው «አንተስ ምን ቀረህ» የሚለውን ነው። የኛዎቹ ግን ይህ አያሳስባቸውም። «ሁሉም ሰው ደኑን እየጨፈጨፈ ነው!» የሚለው ባነር አሁንም በትልቁ ይሰቀላል፣ ያውም በቀይ።

ስዊዘርላንድ ውስጥ ቶርቤል የሚባል መንደር አለ። ገበሬዎቹ እ.ኤ.አ. በ1517 አንድ ደንብ አወጡ፤ ማንም ሰው በበረዶው ወራት ሊቀልብ ከሚችለው በላይ ላም ወደ ጋራው ግጦሽ እንዳይሰድ። የሚገርመው፣ ደንቡን ራሳቸው አወጡት፣ ራሳቸው አስከበሩት፣ ግጦሹም ለዘመናት ዘለቀ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤሊኖር ኦስትሮም እንዲህ ያሉ መንደሮችን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለመች። አሳዛኙ ነገር፣ በ1517ቱ ስብሰባ የቅድመ ሥልጠና ፈተና አልተሰጠም። ግንዛቤያቸው በምን ያህል በመቶ እንዳደገ አይታወቅም። አበልም አልተከፈለም፤ ያም ሆኖ ሰው መጣ!

ወደ መድረካችን ስንመለስ፣ የምስራች አለ። ደኑ ካለፈው ሥልጠና በኋላም መሳሳቱን ስላላቆመ፣ ችግሩ ኅብረተሰቡ ባለፈው ግንዛቤ ላይ በቂ ግንዛቤ አለመያዙ መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል። ስለዚህ ሁለተኛ ዙር ይኖራል። የአዛውንቱ ጥያቄም አልተረሳም፤ «ሌሎች» በሚለው ርዕስ ሥር፣ ከመዝጊያ ንግግሩ በኋላ ተይዟል። ቀኑ የሚነገረው ኮፍያዎቹ ታትመው ሲያልቁ ነው።