ከሕንፃው በፊት ሆስፒታሉን

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሚሆንበት ሰሞን የግል ኮሌጆች ማስታወቂያ ከታክሲ መስታወት እስከ መብራት ምሰሶ ይለጠፋል። ልጁን ይዞ ከአንዱ ሬጅስትራር ወደ ሌላው የሚዞር ወላጅ አብዝቶ የሚጠይቀው ስለ ክፍያው፣ ስለ ትራንስፖርቱና ስለ ሕንፃው ነው። ነርሲንግ፣ ሚድዋይፈሪ ወይም ጤና መኮንን ለመማር ለሚመዘገብ ልጅ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ተማሪዎቹ ለተግባር ልምምድ የሚወጡት ወደ የትኛው ሆስፒታል ነው፣ በአንድ ዋርድ (የሕሙማን መኝታ ክፍል) ውስጥስ ስንት ሆነው ይገባሉ?

የአገራችን የጤና ትምህርት ያደገው በሽተኛው ካለበት ሳይርቅ ነው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የንጽሕና አጠባበቅ ባለሙያውን በቡድን አደራጅቶ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። የጥቁር አንበሳና የቅዱስ ጳውሎስ ተማሪዎችም የሚማሩት ከሆስፒታሉ ጋር ነው። አብዛኞቹ የግል ኮሌጆች ግን የራሳቸው ሆስፒታል ስለሌላቸው ተማሪዎቻቸውን የሚልኩት ከመንግሥት ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ጋር ተስማምተው ነው፤ እዚያ ደግሞ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የሌሎች ኮሌጆች ልጆች ቀድመው ይደርሳሉ። በአንዲት ምጥ በያዛት እናት ዙሪያ ብዙ ነጭ ጋውን ሲሰበሰብ (የእናቲቱ ገመና ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው) ከኋላ የቆመችው ተማሪ የምታየው የጓደኞቿን ትከሻ ነው። ማዋለድ ደግሞ ቆሞ በማየት አይለመድም። የሠራችው ልምምድ የሚመዘገብበት ሎግ ቡኳ በፊርማ ሊሞላ ይችላል፤ እጇ ግን የሚያውቀው የስኪል ላቡን (የኮሌጁን የመለማመጃ ክፍል) አሻንጉሊት ብቻ ሆኖ ትመረቃለች።

የዕውቅና ፈቃድም ቢሆን ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ወረቀት ብቻ አይታመንም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ ሳይሆን ለየትምህርት መስኩና ለየካምፓሱ በመሆኑ፣ በፋርማሲ የተፈቀደለት ኮሌጅ በአንስቴዥያ (በማደንዘዣ ሕክምና) ላይፈቀድለት ይችላል፤ የአዲስ አበባው ፈቃድም ለአዳማው ቅርንጫፍ አያገለግልም። ስለዚህ የፈቃዱን ቀን አይቶ ባለሥልጣኑን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ «መቶ በመቶ አሳለፍን» የሚል ባነር በዝቷል። በመጀመሪያው ዙር ከግል ተቋማት ተፈታኞች መካከል ያለፉት ከአምስት አንድ እንኳ እንዳልሞሉ ለሚያስታውስ ሰው ባነሩ የሚያጓጓ ነው። እኔ ግን ስንት ተማሪ ተመዝግቦ ስንቱ ለፈተና እንደተቀመጠ ካልተነገረኝ ቁጥሩን ከቁም ነገር አልቆጥረውም። ደግሞም በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተና የደም ሥር ማግኘትን አይለካም።

ቤት ቅርብ የሆነውን ኮሌጅ የሚመርጥ ወላጅን አልወቅስም፤ በአሁኑ የቤት ኪራይ ለልጅ ሌላ ከተማ ቤት ተከራይቶ ማስተማር ለብዙዎች የማይታሰብ ነው። ይሁንና ቅርብ ከሆኑት ሁለት ሦስት ኮሌጆች መካከል ለመለየት የሚጠይቀው አንድ ጠዋት ነው። ኮሌጁ ተማሪ እልክበታለሁ ወደሚለው ሆስፒታል ሄዶ፣ ከዋርድ የሚወጡትን የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ማነጋገር ይቻላል። በዚህ ወር ስንት በሽተኛ በራሳችሁ እጅ ተንከባከባችሁ፣ ከኮሌጃችሁስ መምህር አብሯችሁ መጥቷል ወይስ ለተረኛዋ ነርስ ነው የተዋችሁ ብሎ መጠየቅ ነው።