ደብዳቤው የሚሄደው ለባለቤቱ ነው

በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የከተማው ምክር ቤት የሕዝብ አስተያየት የሚሰማው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከንቲባዋን ጨምሮ ሰባት ሰዎች ከፊት ተደርድረው ይቀመጣሉ። አንዱ አልሚ እዚህ አፓርታማ ልሥራ፣ ሌላው እዚያ ሱቅ ልክፈት ብሎ ያቀረበው ጥያቄ የፕላን ኮሚሽኑን አልፎ እነሱ ዘንድ ይደርሳል። መናገር የሚፈልግ ይመዘገባል፤ ሦስት ደቂቃ ይሰጠዋል።

ከአገር ቤት ለመጣ ሰው ነገሩ ትንሽ ያስቃል። አንዲት አዛውንት ተነስተው ስለ አንድ ዛፍ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይናገራሉ። ቀጣዩ ስለ መኪና ማቆሚያ ያወራል። ሦስተኛውም ስለ መኪና ማቆሚያ። (የጎረቤቱን ስም የማያውቅ ሰው ጎረቤቱ መኪናውን የት እንደሚያቆም ጠንቅቆ ያውቃል።) ይህ ሁሉ ተብሎም አብዛኛው ፕሮጀክት መጨረሻ ላይ ይጸድቃል። ስለዚህ «አሜሪካ ሕዝቡ እምቢ ካለ አይሠራም» የሚለውን ወሬ እርሱት።

ጥቅሙ ያለው ክርክሩ በሚፈጀው ወራት ላይ ነው። በዚያ መሃል አልሚው የሆነ ነገር ይለቃል። ለምሳሌ በከተማዋ ደንብ መሠረት ከተፈቀደለት በላይ ቤት መጨመር የሚፈልግ አልሚ፣ ከጭማሪው ቢያንስ አንድ ሦስተኛውን ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች በሚመጥን ዋጋ ማቅረብ አለበት። ብዙዎቻችን ልብስ የገዛንበት የላንድማርክ የገበያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘጋ። ምክር ቤቱ በ2021 አዲሱን ዕቅድ ሲያጸድቅ ሆስፒታልም፣ መኖሪያም፣ ሱቅም፣ መናፈሻም አብረው ገቡ።

አዲስ አበባስ? ሕግ አጥተን አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከቦታው የሚነሳ ባለይዞታ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ እንዲመከርበት ያዝዛል። ጉዳዩ አስቸኳይ ከሆነ ጊዜው ሊያጥር ይችላል ይላል። እኛ ዘንድ ደግሞ አስቸኳይ ያልሆነ ነገር ኖሮ አያውቅም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ ብዙ ነዋሪዎች ዕቃ ለመሰብሰብ የተሰጣቸው የቀናት ዕድሜ እንደነበር ተናግረዋል። ከካዛንቺስ የተነሱ በርካቶች ገላን ጉራ ገቡ። መንገዱ አምሯል፤ ማታ ማታ ሰው ልጁን ይዞ በእግሩ ሲንሸራሸር ማየት ደስ ይላል። እሱን አልክድም። ግን ዕድርተኛው በአንድ ሳምንት ሲበተን ሦስት ደቂቃ እንኳ የጠየቀው የለም።

እስካሁን ያልኩት ዲያስፖራ ሁሉ የሚለው ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እዚያ አዳራሽ ውስጥ የእኛን ሰው ፈልጉ። እዚያው አሌክሳንድሪያ ባሉት የሳውዘርን ታወርስ አምስት የኪራይ ሕንፃዎች ብቻ ከሁለት ሺህ በላይ አፓርታማ አለ፤ ሊፍት ውስጥ አማርኛ ሳይሰሙ መውረድ አይቻልም። ያ ሁሉ ሰው ቅዳሜ የት ነው? ኤርፖርት ታክሲ ተራ ላይ፣ ፓርኪንግ ላይ፣ ሆስፒታል ፈረቃ ላይ። በዚያ ላይ አንድ ቦታ ሊለማ ሲታሰብ ደብዳቤ የሚላከው ለአጎራባች ቦታ ባለቤቶች ነው። ለባለቤቶች። ተከራይ በሥራ መንገዱ ላይ የተተከለችውን የማስታወቂያ ሰሌዳ አየ አየ፣ አላየ በቃ። እ.ኤ.አ. በ2024 ለጸደቀው የአሌክስዌስት ፕላን (የከተማዋ ምዕራባዊ ክፍል የልማት ዕቅድ) ተከራዮች ተደራጅተው ስለ ኪራይና ስለ መፈናቀል ሲከራከሩ ነበር፤ ያ ግን በስንት ልፋት ነው።

አዲስ አበባም ያው ነው። ባለይዞታው ካሳና ምትክ ቦታ አለው፤ ቢያንስም ቢዘገይም የሚጠይቀው ነገር አለው። የቀበሌ ቤት ነዋሪ ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት ይባላል። በሰው ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ የኖረውስ? ፍራሹን አንጠልጥሎ ሌላ ሰፈር ኪራይ ይፈልጋል፤ ያውም ቤት በፈረሰ ቁጥር በናረ ዋጋ።

አንድ ወዳጄ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ተከራይ ነው። ኪራይ በጨመረ ቁጥር «እነዚህ ሰዎች እኛን እንደ ሰው አይቆጥሩንም» እያለ ይበግናል። በቅርቡ አዲስ አበባ ያለው የወላጆቹ ቤት ለልማት ተነሳና ስለ ካሳው ማነስ ሲያማርር አመሸ። ማማረሩ ተገቢ ነው። ጨርሶ ሲተነፍስ፣ ግቢው ውስጥ ሰርቪስ ቤቷን ተከራይተው እንጀራ እየጋገሩ ይሸጡ የነበሩት እናትስ የት ገቡ አልኩት።

«እሳቸውማ ተከራይ ናቸው እኮ!» አለኝ።