ይድረስ ለጠረጴዛዬ አራተኛ እግር

ጉዳዩ፦ መሬት እንዲረግጡ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ መወዛወዝ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ። ባለቤቴና ልጆቼም ደህና ናቸው። አማቴ ብቻ ባለፈው እሑድ ቶናውን ሊያነሱ ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ ባሳረፉበት ቅጽበት እርስዎ እንደ ልማድዎ ቁጭ ብድግ በማለትዎ፣ ቡናው ገና ለሁለተኛ ጊዜ በለበሱት ነጭ ነጠላ ላይ ፈስሶባቸው፣ በረካውን ሳይጠብቁ ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ሲወጡ አንድ ቃል አልተናገሩም። አማቴን የሚያውቅ ሰው ዝምታቸው ከስድብ እንደሚብስ ያውቃል።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ ለመጻፍ የተገደድሁት፣ ከአሁን ቀደም በካርቶን፣ በጠርሙስ ቆርኪና አንድ ጊዜም በአሮጌ ሸበጥ ቁራጭ አማካይነት ያቀረብሁልዎ አቤቱታ ሁሉ ከሳምንት በላይ ባለመርጋቱ ነው።

ትውልድዎን ላስታውስዎ። በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ አንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ገብቼ የምግብ ጠረጴዛ ዋጋ ጠየቅሁ። ሻጩ ከመመለሱ በፊት እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ከመለሰልኝ በኋላ ደግሞ እኔ እሱን ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ በዚሁ ተለያየን። ያን ማታ ስልኬን ከፍቼ የጠረጴዛ አሠራር የሚያስተምር አንድ ፈረንጅ በዩቲዩብ አገኘሁ። ሰውዬው ጋራዡ ውስጥ የደረደረው ማሽን አንድ ሙሉ የአናጢዎች ማኅበር ያስቀናል። በእኔ እጅ የነበረው ግን ከምናለሽ ተራ በብዙ ክርክር የገዛሁት መላጊያ፣ ጥርሱ የደነዘ መጋዝ፣ ጥቂት ኮላና ከአባቴ የወረስሁት ስኳድራ ነበር። ልቤ ዋንዛ ተመኘ፤ ኪሴ ባሕር ዛፍ ብሎ ፈረደ። እርስዎም እርጥበቱ ገና ካልወጣለት ሞራሌ፣ ማለትም ከአራት ማዕዘን እንጨት፣ እንዲህ ተገኙ፤ ለራስዎ ያለዎትን ግምት ስመለከት ይህ የተነገረዎት አይመስለኝም።

ሦስቱን ወንድሞችዎን በጥር ወር ሠራኋቸው። የመጀመሪያውን በሜትር 72 ሳንቲ ሜትር ለክቼ ቆረጥሁ፤ ሁለተኛውን ሞራሌ ከመጀመሪያው ጎን አስተኝቼ በእርሳስ ምልክት አድርጌ ቆረጥሁ፤ ሦስተኛውን በሁለተኛው ለካሁ። ሜትሩን ደጋግሞ ከመዘርጋት ይህ ይቀል ስለነበር የራሴ ብልጠት አድርጌ ቆጥሬው ለባለቤቴም ጉራ ነዝቼበታለሁ። እርስዎ ብቻ ሲቀሩ፣ ከቪዲዮውም እኩሌታው ሲቀረኝ፣ ለነገ ይደር ብዬ ተኛሁ። ነገው የካቲት 2 ቀን ሆነ።

የዚያን ዕለት ዩቲዩብ አልከፈት አለ። ፌስቡክም፣ ቴሌግራምም፣ ቲክቶክም እንዲሁ። ያቺ ክብ ምልክት ስክሪኑ መሐል እየተሽከረከረች ስታፈጥብኝ አመሸች። ወቅቱ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ሳቢያ የተነሣው ውዝግብ አገሩን ያስጨነቀበት፣ የሰው ሕይወትም የጠፋበት ሰሞን ነበርና በእሱ ላይ አልቀልድም። የምቀልደው በመፍትሔው ላይ ነው። እሳት ያነሣል የተባለውን ጥቂት ሰው ለይቶ በሕግ ከመጠየቅ ይልቅ፣ በቴሌግራም ልብስ የምትሸጠውን ሴት፣ የፊዚክስ ትምህርት የሚከታተለውን ተማሪ፣ ዐረብ አገር ካለች እኅቱ ጋር በሜሴንጀር የሚነጋገረውን ወንድምና የጠረጴዛ እግር ለመለካት የተቀመጠውን እኔን በአንድ መጋዝ መቁረጥ ቀለለ። በየትኛው አንቀጽ እንደተቆረጥሁ ግን የነገረኝ የለም።

እርግጥ ገደቡን ያልዘለለ አልነበረም። በዚያ ሰሞን ቪፒኤን፣ ማለትም የተዘጋውን በሌላ አገር በኩል አዙሮ የሚከፍተውን መተግበሪያ፣ የማያውቅ ሰው እንደ ገጠሬ ይታይ ነበር፤ የሰፈራችን ቡና አፍይ ሳትቀር የትኛው ቪፒኤን ባትሪ እንደሚበላና የትኛው እንደሚታገሥ ለደንበኞቿ ታማክር ነበር። እኔም በነፃ ያወረድሁት ቪፒኤን ስልኬን ወስዶ ኔዘርላንድ አስቀመጠልኝና፣ ሰውነቴ አዲስ አበባ፣ ስልኬ አምስተርዳም ሆኖ፣ ቪዲዮው በየአራት ሰከንዱ እየቆመ የገዛሁት ጥቅል ፈረንጁ ‹ሰላም› ብሎ ሳይጨርስ አለቀ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን በተዘጋው ፌስቡክ ላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መግለጫ መለጠፉ አለማቆሙ ነው። በሩን የቆለፈው ሰው በመስኮት ገብቶ ‹በሩ ተቆልፏል› የሚል ማስታወቂያ ውስጥ ለውስጥ ሲለጥፍ ማለት ነው።

በዚህ ሁኔታ ነው እርስዎ የተወለዱት፤ ያለ መምህር፣ መብራት በጠፋበት ማታ፣ በሻማ፣ በሦስተኛው ወንድምዎ ተለክተው። ስጨርስ በሜትር ብለካዎ 71 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ሆነው ተገኙ። ሦስቱ መሬት ሲረግጡ እርስዎ ከመሬቱ በ4 ሚሊ ሜትር ከፍ ብለው የቤታችንን ወለል ልክ እንደ ጉብኝት እንግዳ ከላይ ሆነው ይመለከቱታል።

ገደቡ የተነሣው ከአምስት ወር በኋላ በሐምሌ ነው። ዩቲዩብ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት የቀረችኝን እኩሌታ ነበር፤ ፈረንጁም ገና ሲጀምር ‹ቀጣዩን እግር ባለፈው እግር አትለካ፤ ሁሉንም በመጀመሪያው ለካ› አለኝ። አምስት ወር ሙሉ በሩ ተቆልፎባት የተቀመጠችው ነገር ይህች ነበረች። የእርሳሱ ውፍረት፣ የመጋዙ መንገድ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ እያንዳንዳቸው ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ እግር የቀደመውን ስሕተት ወርሶ የራሱን ይጨምርበታል።

እኔ ግን ጥፋቱን በባሕር ዛፉ ላይ ለማላከክ ወስኜ የሰፈራችንን አናጢ ጠራሁ። ጋሼ እንጨት ሲሠሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆዩ ሰው ናቸው፤ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው በሁለት ጣታቸው ከገፉዎ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«እርጥብ ስለነበር ደርቆ አጥሮ ይሆን ጋሼ?» አልኋቸው።

«እንጨት ሲደርቅ በወርዱ ነው የሚሸሸው፤ በቁመቱ ይህን ያህል አያጥርም። ሊጠማዘዝ ይችላል። ይሄ ግን አልተጠማዘዘም፤ በአንተ እጅ ነው ያጠረው» አሉኝ። ቀጥለውም በርጩማ ለምን በሦስት እግር እንደሚቆም ጠየቁኝ። አላውቅም አልሁ። «ሦስት እግር የትም ቦታ ቢያስቀምጡት ይረግጣል። አራተኛውን የጨመረ ሰው መለካት አለበት።»

ክቡር እግር ሆይ፣ ይህችን የጋሼን ቃል ከሰማሁ ወዲህ እርስዎን ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ ሌላ ጠረጴዛ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ማንም ሰው በመረጠው የማሰራጫ ዘዴ መረጃ የመሰብሰብ፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነፃነት እንዳለው አስቀመጠ፤ ገደብም ቢሆን በሕግ ብቻ እንዲሆን አዘዘ። ይህ በሜትር የተለካው እግር ነው። በ2004 የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 መጣ፤ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን ከሦስት እስከ ስምንት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው። በ2008 የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958፣ በ2012 ደግሞ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185 ተከተለ። በየአራት ዓመቱ አንድ እግር መሆኑ ነው። አርቃቂዎቹ የቀደመውን አዋጅ ጎን ለጎን አስተኝተው በእርሳስ ምልክት አድርገው ይሁን፣ ወይስ አንቀጽ 29ን አውጥተው ለክተው፣ እኔ አጠገባቸው አልነበርሁም፤ ጠረጴዛው መወዛወዙን ግን እንደ ተጠቃሚ እመሰክራለሁ።

ኢንተርኔት ሕግ አያስፈልገውም የሚል ሰው አድርገው እንዳይወስዱኝ። እግር የሌለው ጠረጴዛ ጣውላ ነው። በዚህ አገር በስልክ የተሰራጨ ቃል ሰፈር ሲያቃጥል ስላየን፣ ‹ዝም ብላችሁ ልቀቁት› የሚለውን ሰው ለመስማት ትዕግሥት የለኝም። አዋጅ 1185ም የሐሰተኛ መረጃን ትርጉም ሲሰጥ ነገሩ ሐሰት መሆኑ ብቻ አይበቃውም፤ ሰውዬው ሐሰት መሆኑን ማወቁን ወይም ማወቅ የሚገባው መሆኑን፣ እንዲሁም ሁከት ወይም ግጭት የማስነሣት ዕድሉ ከፍተኛ መሆኑን ይጠይቃል። ጥሩ ነው። ለምሳሌ ሌላ አንድ ቪዲዮ ላይ ‹ይህ ኮላ በ10 ደቂቃ ይደርቃል› ያለኝ ሰው ሐሰት ተናግሯል፤ ማወቅም ነበረበት። ሁከት ስለማስነሣቱ ግን፣ የወንበሩ መደገፊያ ከነባለቤቴ ወደ ኋላ የሄደበትን ዕለት በማስረጃነት ባቀርብ ፍርድ ቤቱ ‹የሕዝብ› ሁከት አይደለም ብሎ ሊመልሰኝ ይችላል። ተከታዩ ከ5,000 በላይ ስለሆነ ቅጣቱ እንደሚከብድ ግን ለባለቤቴ ነግሬ አጽናንቻታለሁ።

የሚያንገበግበኝ ይህን ሁሉ አንቀጽ ከጻፉ በኋላ፣ ነገር ሲመጣ አንቀጹን ትቶ ማብሪያ ማጥፊያውን መጫን ነው። በ2011 ሰኔ ብሔራዊ ፈተና ሲሰጥ የአገሩ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ በ2012 ሰኔ መጨረሻ እንደገና ለሳምንታት ተዘጋ። ጥፋተኛውን ፈልጎ በፍርድ ቤት ማቆም ማለት ሜትር መዘርጋት፣ እርሳስ መቅረጽ፣ ስኳድራ መያዝ ነው፤ አድካሚ ሥራ ነው፤ እኔም እንደ ሠሪ እረዳዋለሁ፣ እኔም ሜትሩን መዘርጋት ሰልችቶኝ ነውና እርስዎ የተወለዱት።

ወደ ጉዳያችን ልመለስ። ጋሼ ሁለት መንገድ ሰጡኝ። አንደኛው ጠረጴዛውን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቁሞ፣ ከእርስዎና ካጠሩት ወንድሞችዎ ሥር ሽብልቅ እየከተቱ በውሃ ልክ ካስተካከሉ በኋላ፣ እርሳስን በአንዲት ቁራጭ እንጨት ላይ አስተኝቶ በአራቱም እግር ዙሪያ እኩል መሥመር ማስመርና በመሥመሩ ላይ መቁረጥ ነው። ያለ መሥመር በግምት የጀመረ አንድ ዘመዴ ዛሬ ራቱን የሚበላው እንደ ረከቦት ባጠረ ነገር ላይ ስለሆነ መሥመሩን ወደድሁት። በኋላ ግን አንድ ነገር ታየኝ። በዚህ መንገድ ብዙ የሚቆረጠው በትክክል የተለካው የመጀመሪያው እግር ነው፤ እርስዎ፣ ስሕተቱ፣ ምንም አይነካዎትም ማለት ይቻላል። አጭሩ እንዳይከፋው ረጅሙ ወደ እሱ ይወርዳል። ይህን አሠራር የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ሁለተኛውን መረጥሁ። እርስዎንና ሁለቱን ወንድሞችዎን ነቅዬ፣ በደረቀ እንጨት፣ ሦስታችሁንም ከመጀመሪያው እግር ላይ እንደ አዲስ እለካለሁ። የእንጨት ዋጋ እስኪፈቅድልኝ ድረስ ግን ጊዜያዊ እርምጃ ወስጃለሁ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያሳተምሁት የአዋጅ 1185 ቅጂ፣ ከጎኑ ካነበብሁት ማብራሪያ ጋር 10 ቅጠል ነበር። አንድ ቅጠል የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ይወፍራል፤ አሥሩ ቅጠል ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ አርባ ድርብ፣ ማለትም 4 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከእርስዎ ሥር ከከተትሁት ወዲህ ጠረጴዛው ንቅንቅ አላለም። አዋጁ ቤቴ ውስጥ ሰላም ሲያሰፍን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሕጉ ማኅበራዊ ሚዲያዎች የተጠቆሙትን ይዘት እንዲያነሡ የሰጠው ጊዜ 24 ሰዓት ስለሆነ፣ እኔም ከዚያ አላንስም። አማቴ እሑድ ይመጣሉ። እስከዚያ ወረቀቱን ረግጠው እንዲቆዩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የቤቱ አባወራና ተለማማጅ አናጢ

ግልባጭ፦
ለአንደኛው እግር፣ ባለበት እንዲጸና
ለጋሼ፣ መጋዙ እንዲሳልልኝ
ለአማቴ፣ ከአንድ አዲስ ነጠላ ጋር