ማስተካከያ፦ ስለ ታንኳ እና ስለ ማዕበል ጋላቢዎች

ባለፈው ሳምንት ስለ ጣና ዳሯ ጎርጎራ ታንኳ ስጽፍ፣ በሳንቃ ማዕበል መጋለብ የተጀመረው በካሊፎርኒያዋ ሬዶንዶ ቢች ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። የጨዋታው አገር ሃዋይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 በሬዶንዶ ቢች ለጎብኚዎች ያሳየው ጆርጅ ፍሪዝም የሃዋይ ልጅ ነው። እሱንም ቢሆን በ1885 ሦስት የሃዋይ ልዑላን እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ክሩዝ ላይ ቀድመውታል፤ ሳንቃቸውም ከዚያው ከሳንታ ክሩዝ አካባቢ ዛፍ የተጠረበ ነበር።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ግን የራሳችን ጉዳይ ነው። ታንኳን «ከግንድ የተፈለፈለ» ብዬው አረፍሁ! አንድ የጎርጎራ አዛውንት ጎንደር ገበያ አግኝተውኝ፣ «ልጄ፣ ደንገልና ግንድ አይለይህም?» አሉኝ። ታንኳ የደንገል፣ የዚያ ቄጠማ መሰል የሐይቅ ዳር ተክል፣ እስር ነው። ውሃ ስለሚጠጣ ከጣና ሲወጣ ዳር ላይ ተደግፎ ይቆማል፤ ከሥሩ ጠብ ጠብ እያለ እስኪደርቅ ድረስ።