እርማት፦ «ልጅ ቶሎ ይረሳል» ለሚለው

ወንድሜ፣ አባቷ ስለሞተባት የአዘዞዋ የ9ኛ ክፍል ተማሪ «ልጅ አይደለች? ቶሎ ትረሳዋለች፤ ብቻ አታንሱባት» ብለህ ጽፈሃል። በቅንነት እንዳልከው አውቃለሁ። ግን ልክ አይደለም።

በዚህ ዕድሜ ሐዘን ሁልጊዜ በእንባ አይወጣም። ብዙ ጊዜ ሆድ ቁርጠት፣ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ቁጣ ሆኖ ነው የሚታየው። እናቷ የጻፉትን ልብ በል። ጠዋት ጠዋት «ሆዴን» ትላለች። ምሳ ዕቃዋ ሳይነካ ይመለሳል። የሒሳብ ደብተሯ ከየካቲት ወዲህ ባዶ ነው። ታዲያ ይሄ መርሳት ነው?

እርግጥ ችግር የደረሰበት ልጅ ሁሉ አይታመምም። አብዛኞቹ ያገግማሉ፤ በተለይ የሚያዳምጣቸው ትልቅ ሰው ካገኙ። ሞት፣ መፈናቀልና የቤት ውስጥ ጠብ ሲደራረብ ግን አደጋው ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከ7 አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት።

ስለ አባቷ አንሱላት፤ ዝምታው ነው ብቻዋን የሚያስቀራት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ፣ ትታይ። ጠበሉንም አትተው፤ መድኃኒት ከታዘዘላት ግን እንዳታቋርጥ። «መሞት ይሻለኛል» ካለች ደግሞ ዛሬውኑ ውሰዷት።