ብርድ አይደለም

ወገኖቼ፣ የኮምቦልቻ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ሐኪም ነኝ። ሥራዬ ማከም እንጂ መቆጣት አልነበረም። ግን ደረታችሁን ሳዳምጥ የምሰማውን ዋጥ አድርጌ ቤቴ መግባት አቃተኝ።

ባለፈው ጥር አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጇን አዝላ ሌሊት መጣች። ልጁ በተነፈሰ ቁጥር ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ሲር ሲር ይላል። ምን ሆነ ስላት «ብርድ መቶት ነው ዶክተር» አለችኝ። በአፍ የሚሳብ መድኃኒት (ፓፍ) ሰጠነው፣ ኦክስጅን አደረግንለት፣ ሊነጋጋ ሲል እንቅልፍ ወሰደው። እንዲህ ሆኖ ሲመጣ ሦስተኛው ነው። ቤታችሁ የት ነው አልኳት። ከፋብሪካ አጥር ሥር ነው። አጥባ ያሰጣችውን ነጠላ ጠዋት ከገመድ ስታወርድ መጀመሪያ ጥላሸቱን ታራግፋለች። እንደ ተራ ነገር ነው የነገረችኝ። ነጠላው ይራገፋል፤ የልጁ ሳንባ በምን ይራገፋል? እሷን አልጠየቅኳትም፣ ደክሟታል። እናንተን ግን እጠይቃለሁ።

ሁሉን ነገር ብርድ ትላላችሁ። ሳሉ ብርድ፣ ትንፋሽ ማጠሩ ብርድ፣ ሽማግሌው ዳገት ላይ መቆሙ ብርድ። ብርድ አስም ይቀሰቅሳል፣ አልክድም። ግን ስሙን ብርድ ካላችሁት ማንም አይጠየቅበትም። ጋቢ ደርቦ መተኛት ብቻ ነው።

በበጋ ማለዳ ከደሴ ተነስታችሁ በሃረጎ ስትወርዱ ከተማችንን ልብ ብላችሁ እዩዋት። ዙሪያዋ ተራራ ነው። ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ከተራራው ወርዶ ሸለቆው ውስጥ ይተኛል። ሞቅ ያለው አየር ደግሞ ከላይ እንደ አክንባሎ ይገጥምበታል። ፀሐይ ጠንከር እስክትል ጭሱ መውጫ የለውም። ስለዚህ ሌሊት ከፋብሪካ የተለቀቀ ጭስ ሰው ተኝቶ እያለ እዚሁ ያድራል።

የምታዩት ጥቁሩ ጭስ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የከፋው የማይታየው ነው። ፒኤም 2.5 የሚባል ብናኝ አለ፤ ትልቁ እንኳ የፀጉርን ውፍረት አንድ ሠላሳኛ ያህል ነው። አፍንጫ አያስቀረውም። ሳንባ ጥግ ይደርሳል፣ ከዚያም ደም ውስጥ ይገባል። ስትሮክና የልብ በሽታም የሚያመጣው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የተበከለ የውጭ አየርን በ2013 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ድርጅቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ደግሞ የዚህ ብናኝ የዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል።

የምጠይቀው ቀላል ነው። የኮምቦልቻ አየር ይለካ፣ ቁጥሩም ሕዝብ በሚያየው ቦታ ይለጠፍ። ለዚህ ፊርማ ማሰባሰብ ከጀመርኩ ወራት ሆነ። አንድ አባት እስክሪብቶውን ያዙ፣ አሰቡ፣ መልሰው አስቀመጡት። «ልጄ ፋብሪካው ውስጥ ነው የሚሠራው። እንጀራችንን ልታዘጋብን ነው?» አሉኝ።

ጋሼ፣ ማንም ይዘጋ አላለም። ጭሱን ከሁላችን ቀድሞ የሚጠጣው እኮ የእርስዎ ልጅ ነው! ብናኝን በጨርቅ ከረጢት የሚያስቀር ማጣሪያ ዓለም ላይ ሞልቷል። ገንዘብ ይፈልጋል፣ ጥገናም ይፈልጋል። ጠያቂ በሌለበት ግን ማን ያወጣል?

እኔም አንድ ቢሮ ሄጄ «አንተን ምን አገባህ?» ተብያለሁ። ያገባኛል፣ እናንተንም ያገባችኋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 በንጹህና ጤናማ አካባቢ መኖር መብት ነው ይላል። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት በበካይ ላይ አቤት እንዲል ይፈቅዳል። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ካልወሰነ፣ ወይም በውሳኔው ካልተስማማችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ስንቶቻችሁ ሄዳችሁ? ቡና ላይ ተቀምጦ ማማረሩን ሁላችንም እንችልበታለን።

እጃችንም ንጹህ አይደለም። ኅዳር 12 ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ይጨሳል። ነገሩ የመጣው በ1911 ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ ነው፤ ሰው ለጤናው ብሎ ነበር ቆሻሻ ያቃጠለው። ያኔ ፌስታል አልነበረም። ዛሬ ፌስታልና የመኪና ጎማ ታቃጥላላችሁ። የዚያን ምሽት ክሊኒኩን መጥታችሁ ብታዩት! ጥረጉ፣ ሰብስቡ፣ አታቃጥሉ። ፋብሪካውን ስንጠይቅ አፋችንን የሚያስይዝ ነገር አይኑርብን።

ያቺ እናት ፈርማለች። ልጇ ጀርባዋ ላይ እንዳለ፣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። የመጀመሪያው ስም የሷ ነው። ከሷ በኋላ የፈረማችሁት ሁለት ገጽ አልሞላችሁም። ቅጹ ክሊኒኩ መግቢያ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ እስክሪብቶም አለው። ጋሼ፣ እርስዎም ይምጡ፤ ልጅዎንም ይዘውት ይምጡ፣ ደረቱን ላዳምጠው።