«ማነው?» ለማለት ስምንት ቀን

ወገን፣ ዛሬ ይቺን ካልተነፈስኳት እንቅልፍ አይወስደኝም። ስምንት ቀን ሙሉ በድምፅ ከምትታዘዝ፣ ብርቱካን ከምታህል ስፒከርና ከአንድ የበር ካሜራ ጋር ስታገል ከረምኩ። የስፒከሯን ስም አልጽፍም። አንደኛ፣ ጠብ አልፈልግም። ሁለተኛ፣ ከእናንተ አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነበው እቤቱ ያለችው ትነቃበታለች። ለእናንተማ ትነቃለች፤ ጆሮዋ የሚደፈነው እኔ ስጠራት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬን ጉልበቷን ያማታል። ቤታችን ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው፣ ግቢው ረዘም ይላል። ከሳሎን እስከ ብረት በሩ በእኔ እርምጃ ሠላሳ ሁለት ነው፤ በእሷ ደግሞ አንድ «እመብርሃን» እና ሁለት «ወይ ጉልበቴ»። በሩ ግን ቀኑን ሙሉ ይንኳኳል። ጠዋት ወተት አምጪዋ፣ ረፋድ ላይ አሳ ይዞ የሚዞረው ልጅ (ቆሮሶ የያዘ ቀን በሩን ሊገነጥለው ይደርሳል)፣ የእድር መልእክተኛ በፈለገው ሰዓት፣ ልክ ቡናው ሲቀዳ ደግሞ ጎረቤት። እማዬ «ማነው?» ብላ ትጮሃለች፤ ማንም የማይሰማት ስለሆነ ተነስታ ትሄዳለች፤ ስትደርስ ሰውዬው ሄዷል።

ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ እታለም ለፋሲካ መጥታ ይህን አየች። ነርስ ስለሆነች የሰው ጉልበት ያንገበግባታል። «እኔ ቤት እኮ ማንም አይነሳም፤ ቁጭ ብለህ ትጠይቃታለህ፣ ታሳይሃለች» አለች። ስፒከሯን ከሻንጣዋ አወጣች፣ ካሜራውን እዚሁ ገበያ ገዛን። ካርቶኑ ላይ የሁለቱ አርማ ጎን ለጎን ታትሟል፣ ልክ እንደ ሙሽራና ሙሽሪት ፎቶ። ጋብቻው እንዳልተፈጸመ ማን ይንገረን? እታለም ማክሰኞ በረረች፣ እኔ ረቡዕ መሰላል ላይ ወጣሁ።

ካሜራው ከዋይፋይ ጋር የሚተዋወቀው ስልካችሁ ላይ የሚመጣውን ኪውአር ኮድ ዓይኑ ፊት ስትደቅኑለት ነው። በወሬ ቀላል ነው። ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ወሩ ሚያዝያ፣ ከተማው ባሕር ዳር። ፀሐይዋ የስልኬን ስክሪን ጥቁር መስታወት አደረገችው፤ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ብጨምረውም የማየው የራሴን ላብ ነው። ጨነቀኝና ጋቢ አስመጥቼ ተከናነብኩ። መሰላሉ ላይ እኔም ስልኩም ካሜራውም አንድ ጋቢ ውስጥ ገባን። ውስጥ ካሜራው በሰባራ እንግሊዝኛ «ኮዱን ያሳዩ» ይለኛል፤ አሳየዋለሁ፤ «ኮዱን ያሳዩ» ይለኛል። ውጭ አንድ የባጃጅ ሹፌር ፍሬን ይዞ «ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» አለ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሼ የተባልኩት በዚያ ቀን ነው።

ኮዱን ሲያነብልኝ ደግሞ «ዋይፋዩ አልተገኘም» አለ። ራውተሩ እኮ እየበራ ነው፣ ስልኬም ተገናኝቷል! እዚህ ላይ ሁለት ቀን ሄደብኝ፤ እናንተ ላይ እንዳይሄድ ልንገራችሁ። ራውተራችን በሁለት ሞገድ ነው የሚያሰራጨው፣ በ2.4 ጊጋኸርዝና በ5 ጊጋኸርዝ። 5ቱ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ሲያይ ይደክመዋል። 2.4ቱ ቀርፋፋ ነው፣ ግን አጥር ድረስ ይሄዳል። አብዛኛው የቤት ካሜራ የሚያውቀው 2.4ቱን ብቻ ነው። ሁለቱ ሞገዶች አንድ ስም ተሰጥቷቸው ነበርና ስልኬ 5ቱን ይዞ እዚያው ላይ ካሜራውን ይጠራዋል፣ ካሜራው ደግሞ ወዲያ ማዶ ቆሞ ይጠብቃል። መፍትሔው ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ስማቸውን መለየት ነው፣ ወይም ካሜራው እስኪገናኝ 5ቱን ማጥፋት። ይህን ካርቶኑ ላይ መጻፍ ምን ያቅታል? ጽፈውታልም ለካ። ከታች፣ ከባር ኮዱ ጎን፣ የሰናፍጭ ፍሬ በምታህል ፊደል።

የሰፈር ቴክኒሻንም ጠርቼ ነበር። ካቻቪቴውን አወጣ፣ የካሜራውን ብሎን አጠበቀ፣ ራቅ ብሎ አየው፣ «ትንሽ ዘሞ ነበር» ብሎ ሦስት መቶ ብር ተቀበለ። ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

መብራቱንስ ልተወው? አልተወውም። ከዚሁ ከጣናችን ውሃ ተስቦ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የጣና በለስ ጣቢያ ከተመረቀ እነሆ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ነው፤ ጢስ ዓባይም እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ውሃው እኛን እያየ ያልፋል፣ እኛ ሻማ እንፈልጋለን። መብራት ሲመለስ ደግሞ ካሜራው ቀድሞ ይነቃል፤ ራውተሩ ገና ዓይኑን ሲያሻሽ ዋይፋይ ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ቀይ ያበራል፣ ያኮርፋል። ስለዚህ መብራት በመጣ ቁጥር የካሜራውን ሶኬት ነቅዬ እንደገና እሰካለሁ። ለነገሩ በ2015 ክረምት የሞባይል ዳታ ጠፍቶ ለወራት የከረምንበት ከተማ ነው፣ ትዕግሥት በእኛ አያምርም አይባልም። ግን ትዕግሥቴን ለካሜራ አላጠራቀምኩትም!

አሁን ወደ ዋናው። ካሜራው ስልኬ ላይ መጣ፣ በሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ እማዬም እልል አለች። የቀረው ከስፒከሯ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው፤ አምስት ደቂቃ ይፈጃል ይላል መመሪያው። አራት ቀን ፈጀ።

«መሣሪያ ፈልጊ» እላታለሁ። ትፈልጋለች። «አዲስ መሣሪያ አላገኘሁም» ትለኛለች፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፅዋ። አንድ ቀንማ ጭራሽ አልመልስ አለች። ተበላሸች ብዬ ሄጄ ባይ እማዬ ዳንቴል አልብሳታለች። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ሬዲዮው ዳንቴል አለው፣ «እሷ ራቁቷን ትቀመጥ እንዴ?» አለችኝ። ዳንቴሉ ላይ ደግሞ የፕላስቲክ አበባ።

የካሜራው ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ጋ ጻፍኩ። «ውድ ደንበኛችን፣ መሣሪያውን አጥፍተው ያብሩት።» አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ጻፍኩላቸው። «ውድ ደንበኛችን፣ ትዕግሥትዎን እናመሰግናለን፤ አጥፍተው ያብሩት።» ወገን፣ እኛ ሰፈር መብራት ራሱ በቀን ሦስቴ አጥፍቶ ያበራዋል! ማጥፋትና ማብራት መድኃኒት ቢሆን ኖሮ የባሕር ዳር ዕቃ ሁሉ ባልታመመ።

ችግሩን ያገኘሁት በስድስተኛው ቀን ነው፣ ያውም በእልህ። ካሜራውን ስመዘግብ አፑ «ሀገር ምረጥ» ብሎኝ ነበር። ኢትዮጵያ አልኩ። ምን ልበል ታዲያ? ስፒከሯ ግን የተመዘገበችው በእታለም አካውንት ነው፤ በወረቀት አሜሪካዊት ናት። ይሄ አፕ ደግሞ የየሀገሩን ደንበኛ በየሰርቨሩ ለይቶ ነው የሚያስቀምጠው። እሷ አንድ ግቢ ትፈልጋለች፣ ካሜራው ሌላ ግቢ ተቀምጧል። ሳሎንና በር መካከል ሠላሳ ሁለት እርምጃ ነው፤ በእነሱ ዓለም ግን መካከላቸው ውቅያኖስ አለ። አንዴ የመረጥከውን ሀገር ደግሞ መቀየር የለም፤ ካሜራውን ሰርዘህ፣ ሪሴት አድርገህ፣ እንደገና መሰላል፣ እንደገና ጋቢ። እና በእታለም ስም መመዝገብ አለበት።

በእታለም ስም ለመመዝገብ ደግሞ ማረጋገጫ ኮድ ይላካል። የሚላከው ቨርጂኒያ፣ እሷ ስልክ ላይ ነው። ኮዱ አምስት ደቂቃ ይቆይና ይሞታል። እሷ የሌሊት ተረኛ ናት፣ በመካከላችን የሰባት ሰዓት ልዩነት አለ። እኔ ጠዋት ስነሳ እሷ በሽተኛ ላይ ናት፣ እኔ ከሥራ ስገባ እሷ እንቅልፍ ላይ። ሦስት ቀን ኮድ አሳደድን። አንዴ ላከችልኝ፣ ሳስገባው አራት ቁጥር ብቻ ነው፤ ሁለቱን በእንቅልፍ ልቧ ትታቸዋለች።

በስንት መከራ ተገናኙ። ለካሜራው ስም ስጠው ተባልኩ። «በር» ብዬ በፊደላችን ጻፍኩ፤ ስጠራው አላወቀችውም። በላቲን ፊደል ጻፍኩት። «በርን አሳዪኝ» ስላት «ቤር የሚባል መሣሪያ የለም» አለች። ቤር በእንግሊዝኛ ድብ ነው። ሽምብጥ ውስጥ ድብ አሳዪኝ ያልኩ መስሏታል! ሂንዲ ትሰማለች፣ ጃፓንኛ ትሰማለች፣ የአማርኛ የሥጋ ዘመድ የሆነውን ዓረብኛንም ትሰማለች፤ አማርኛ ላይ ስትደርስ ግን ድብ። በመጨረሻ «ጌት» አልኩት። እማዬን «ጌት» አስተምሬ አንድ ከሰዓት ዋልን። «ጌታ» ትላለች። «እማዬ፣ ታ የለውም።» «ጌታዬን ነው እንዴ የማዘው?» ብላ ተቆጣች።

ሆኖ ሆኖ ልሳኗ ተገራ። ሁላችን ተሰብስበን፣ ዳንቴሉን ገልጠን፣ እማዬ ጉሮሮዋን ጠርጋ አዘዘች። ስፒከሯም መለሰች። ምን አለች መሰላችሁ? ምስል ለማሳየት ስክሪን ያስፈልጋል።

ስክሪን! ክብ ናት እኮ፣ ምን ስክሪን አላት? ካሜራው ምስል ነው የሚሰጠው፤ ምስል ለማየት ስክሪን ያላት ዓይነት ስፒከር ትፈልጋለህ፣ ወይም ከቴሌቪዥን ጋር የሚሰካ ተጨማሪ ዕቃ። እታለም ቤት ያለችው ስክሪን ያላት ናት፣ ለእኛ ያመጣችው ታናሽ እህቷን ነው። ስምንት ቀን ለአንዲት ማየት ለማትችል ሴት ዓይን ስገጥም ነበር። ከእሷ ማግኘት የምንችለው «በሩ ላይ እንቅስቃሴ አለ» የሚለውን ብቻ ነው። እሱን አበራሁት። ማታ ከጣና የሚመጣው ትንኝ ሌንሱ ፊት ሲያልፍ ካሜራው በጨለማ በሚያይበት በኢንፍራሬዱ ብርሃን ነጭ ወፍ ያህላል፣ እና በእያንዳንዷ ትንኝ «እንቅስቃሴ አለ»፣ «እንቅስቃሴ አለ»። እማዬ «ይቺ ሴትዮ ሟርተኛ ናት» ብላ ዳንቴሉን መለሰችላት። እኔም አጠፋሁት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ካሜራው በማን ስም ነው ያለው? በእታለም። ባለቤቷ እሷ ናት። እኔ በገዛ በሬ ላይ አፑ «ተጋባዥ» ብሎ መዝግቦኛል። እታለም እረፍት ላይ በሆነች ቁጥር ስልኳን ትከፍትና ሽምብጥን ታያለች። ትደውልልኛለች፦ «በሩን ለምን ክፍት ተዋችሁት?» «ያ ብስክሌት የማነው?» «እማዬ ፀሐይ ላይ ምን ታደርጋለች?» እማዬ እንደምትታይ ካወቀች ወዲህ በር ስትሄድ የክት ነጠላዋን ለብሳ ነው። የሠላሳ ሁለት እርምጃው መንገድ ላይ ነጠላ መቀየር ተጨመረበት።

ትናንት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የንስሐ አባታችን መጡ። አንኳኩ። እማዬ ከሳሎን «ማነው?» አለች፣ አልሰሟትም። ካሜራው ድምፅ ማጉያ አለው። እታለም ቨርጂኒያ፣ በሌሊቱ መሐል፣ ሻይዋን ይዛ ነበር መሰለኝ፣ ከብረት በሩ አናት ላይ «ማነው?» አለች።

አባ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ። «በስመ አብ!»

«አባ፣ እኔ ነኝ፤ ይፍቱኝ።»

ድምፅዋን ለዩት፤ ያጠመቋት እሳቸው ናቸው። ቀና ብለው ካሜራውን አዩት፣ መስቀላቸውን ከቀሚሳቸው ውስጥ አወጡ፣ በጣታቸው ጫፍ ቆመው ሌንሱ ላይ ደረሱ፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ» አሉ። ይህን ሁሉ የነገረችን ከውስጥ ነጠላዋን እያስተካከለች የደረሰችው እማዬ ናት፤ ተራምዳ፣ በጉልበቷ። እኔ ሥራ ቦታ ነበርኩ። ማታ ቪዲዮውን ልየው ብዬ አፑን ከፈትኩ፤ 09:07 ላይ «እንቅስቃሴ ተገኝቷል» ብሎ መዝግቦታል። ስነካው «ተጋባዥ ቅጂዎችን ለማየት የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልገዋል» አለኝ። ኮዱ ተልኳል። እታለም ተኝታለች።